የሰባተኛው ጥያቄ ዜሮ

ሰኞ፣ አንደኛ ሳምንት

ዛሬ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አገሪቱ ቁማርተኞቿን ለመቁጠር ወሰነች። ውሳኔው የተነገረን ሁለተኛ ፎቅ ስብሰባ ክፍል፣ አንድ እግሩ በተጣጠፈ ካርቶን የተደገፈ ጠረጴዛ ከበን ተቀምጠን ነው። ኃላፊያችን ቆመው አነበቡልን። እስከ ዛሬ የጤና ጥናታችን ሰውን ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ሲጋራው፣ ስለ መጠጡ፣ ሽንት ቤቱ ከቤቱ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ ሳይቀር ሲጠይቅ ኖሯል፤ ከእንግዲህ ስለ ቁማሩም ይጠይቀዋል። አዲሱ ክፍል አሥራ አንድ ይባላል። የገባው ከክፍል አሥር፣ ከጥርስና ድድ፣ ቀጥሎ ነው። ቦታውን ማን እንደመረጠለት አላውቅም። ሁለቱንም ሰው እስኪብስበት ድረስ ስለሚደብቃቸው ይሆናል።

የእኔ ሥራ መጠይቅ ማረም ነው። መረጃ ሰብሳቢዎቹ ቤት ለቤት ዞረው ታብሌት ላይ የሞሉትን በማግስቱ እከፍትና፣ የስድስት ዓመት ልጅ ባለትዳር የሆነበትን፣ ከሞተ ዓመት ያለፈው ሰው ወገቤን ያመኛል ያለበትን እለቅማለሁ። የሰው ቤት ስህተት ስለቅም አሥራ ሰባት ዓመት ሆነኝ።

የክፍል አሥራ አንድ አሠራር ቀላል ነው። መጀመሪያ የበር ጥያቄ አለ፦ ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት በገንዘብ ተወራርደው ያውቃሉ? አይ ያለ ሰው በሩ ላይ ተሰናብቶ ወደ ዓይን ጤና ያልፋል። አዎ ያለ ሰው ዘጠኝ ጥያቄ ይወርድበታል። ለእያንዳንዱ፣ በፍጹም ዜሮ፣ አንዳንዴ አንድ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት፣ ሁልጊዜ ሦስት። ድምሩ ስምንት የደረሰ ሰው በአገር ደረጃ ችግር ያለበት ተጫዋች ነው። ሰባት ላይ የቆመ ገና ሰው ነው።

ማታ። ቴሌቪዥኑ ለጥገና ወጣ። መምህሩ ነው ይዞት የሄደው። (ባለቤቴ ነው። ሂሳብ ስለሚያስተምር ሰፈሩም እኔም መምህሩ እንለዋለን።) መብራት መታው አለ። ሲመታው ቤት አልነበርኩም፤ ምስክር መሆን አልችልም።

ረቡዕ፣ አንደኛ ሳምንት

እርስ በርስ ተለማመድን። እኔ የደረሰኝ ከጋሽ አማካይ ጋር ነው። ዋና ስማቸው ሌላ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ናሙና ሲያወጡ ኖረው ምንም ነገር «በአማካይ» ሳይሉ ስለማይናገሩ ቢሮው በዚህ ስም ክርስትና አነሳቸው።

«ጤናዎ እንዴት ነው ጋሼ?»

«በአማካይ ደህና ነኝ። ቁጥሩን የሚያወርደው ግራ ጉልበቴ ነው።»

ሃያ ሁለት ሰው ተጠየቀ። ሃያ ሁለቱም በሩ ላይ አይ ብሎ አለፈ። ወደ ምሳ ስንወርድ ሹፌሩ ከኪሱ ሦስት የኳስ ውርርድ ትኬት አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያነባል።

«አንተ፣ አሁን አይደል እንዴ ተወራርጄ አላውቅም ያልከው?»

«እሱ እኮ የመንግሥት ጥያቄ ነው» አለኝ።

በሥልጠናው መሀል ኃላፊያችን ስልካቸውን ጠረጴዛ ሥር ይዘው ውጤት ሲያዩ ነበር። ለስፖርቱ ባላቸው ፍቅር ነው።

ሰባተኛውን ጥያቄ አስተካክለን ዋልን። «ሰው ስለ ውርርድዎ ተናግሮዎት ያውቃል?» ይል ነበር። ሰው ማለት ማነው ብዬ ተከራከርኩ፤ መንገደኛም ሰው ነው። «የቅርብ ሰው ስለ ውርርድዎ ተናግሮዎት ወይም ወቅሶዎት ያውቃል?» ተባለ። በቃለ ጉባኤው ላይ የእኔ አስተያየት ተብሎ ተጽፎልኛል። በአሥራ ሰባት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው።

ሰኞ፣ ሁለተኛ ሳምንት

የሙከራው ውጤት መጣ። ሁለት መቶ ቤት ተጠየቀ። ችግር ያለበት ተጫዋች፦ ዜሮ። ችግር የሌለበት ተጫዋች፦ አንድ፣ እሱም ከተውኩ አሥር ዓመት ሆኖኛል ብሎ እንዲሰረዝ ለምኗል።

ኃላፊው ደስ አላቸው። «ጨዋ ሕዝብ ነው» አሉ።

ጋሽ አማካይ መነጽራቸውን አወለቁ። «እዚያ ሰፈር ሰባት ቤቲንግ ቤት አለ። በአማካይ ለሃያ ስምንት አባወራ አንድ ቤት። ማን ነው የሚገባባቸው? ወንበሮቹ ናቸው የሚወራረዱት?»

እኔ ሄጄ እንዳይ ተላክሁ።

ማክሰኞ

አየሁ። መረጃ ሰብሳቢዋ ቀጭን ልጅ ናት፣ ድምፅዋ ግን ለሦስት ግቢ ይበቃል። ሰውዬውን ሳሎኑ መሀል አስቀምጣዋለች። ሚስቱ በግራ፣ እናቱ በቀኝ፣ መሰላል ሊዋስ የመጣ ጎረቤት በር ላይ። «ከአቅምዎ በላይ ተወራርደው ያውቃሉ?» ትለዋለች። አራት ራስ ወደ እሱ ዞረ።

«እኔ?» አለ። «እኔን ነው?»

ሚስትየው ቀደመችው። «እሱ? ከቤትና ከሥራ በቀር መንገድም አያውቅ።» ከሸሚዙ ኪስ የትኬቱ ጫፍ ይታያል። እኔ አየሁት፣ ልጅቷ አየችው፣ መሰላል ሊዋስ የመጣውም አየው። ሚስቱም አይታዋለች። በኋላ ስንወጣ ደጅ ላይ አቧራ የሌለበትን እጀታውን ስታራግፍለት፣ ትኬቱን በአንድ ጣት ወደ ኪሱ ጠለቅ አደረገችው።

ይህን በሪፖርቱ አልጻፍኩም። ክፍት ቦታ የለውም።

ሐሙስ

ሐሳብ አቀረብኩ። ክፍል አሥራ አንድ ላይ ሲደረስ ታብሌቱ ለራሱ ለተጠያቂው ይሰጠው፤ ራሱ ያንብብ፣ ራሱ ይንካ፤ ጠያቂዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዙር። ማንም ምን እንደመለሰ አያውቅም። ኃላፊው አሰቡ፣ አሰቡ፣ ከምሳ በኋላ የራሳቸው ሐሳብ አድርገው አመጡት። አጨበጨብን።

ቤት። አማቴ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። «ቴሌቪዥኑ ቀረ እንዴ?» አሉ።

«ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ ነው እማማ።»

ከውጭ ነው ያለኝ ሰው የለም። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። መምህሩ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ የተማሪ ወረቀቱን ማረሙን ቀጠለ።

ረቡዕ፣ ሦስተኛ ሳምንት

አዲሱ ዘዴ በሌላ ሁለት መቶ ቤት ተሞከረ። ችግር ያለበት ተጫዋች፦ አሥራ ሰባት። ኃላፊው ወረቀቱን ገለበጡት፣ ከጀርባው ሌላ ቁጥር ያለ ይመስል። «በአንድ ሳምንት ውስጥ ይሄን ሕዝብ ምን ነካው?»

ሌላም ነገር አገኘሁ። ታብሌቱ እያንዳንዱ ክፍል የፈጀውን ጊዜ ይመዘግባል። በሩ ላይ አይ የሚል ሰው ስምንት ሰከንድ ይበቃዋል። ዘጠኙን ጥያቄ የሚመልስ ሰው አራት ደቂቃ አካባቢ ይፈጅበታል። መልሱን ሳያዩ ከሰዓቱ ማወቅ ይቻላል ማለት ነው። ለጋሽ አማካይ ነገርኳቸው። «አንቺ ልጅ ክፉ ነሽ» አሉኝ። እንደ ምስጋና ወሰድኩት።

አንድ የማረሚያ ሕግም ጨመርኩ፦ ድምሩ ከአሥራ አምስት በልጦ ከዘጠኙ አንዱ ዜሮ ከሆነ ማሽኑ ቀይ ያብራ፣ መልሱም ይረጋገጥ። ያን ያህል የጠለቀ ሰው አንዱ ጣቱ ደረቅ ሊሆን አይችልም ብዬ ነው።

ዝናብ። አውቶቡስ የለም። በእግር።

ቅዳሜ

ማቀዝቀዣው ለጥገና ወጣ። በጋሪ። ጋሪውን እየገፋ የመጣው ሰው ጠጋኝ አይመስልም፤ ግን ጠጋኝ ምን እንደሚመስል ማን ያውቃል።

ልጄ አሥራ ስድስቷ ነው፤ ምላሷን ከእኔ ነው የወረሰችው። ማቀዝቀዣው ከነበረበት ወለል ላይ የቀረውን ንጹሕ አራት ማዕዘን ቆማ አየችው። «እማ፣ እኛ ቤት ምን ዓይነት ወረርሽኝ ነው የገባው?» አለችኝ። «ዕቃ በዕቃ ነው የሚታመመው።»

«ወለሉን ጥረጊ» አልኳት።

አማቴ ከክፍላቸው፦ «ልጄ ድሮም ለዕቃ ይሳሳል። ሌላው ቢሆን እስኪፈነዳ ይጠብቅ ነበር።»

ምንም አልተሰማኝም። ይህን መጻፍ ያለብኝ ይመስለኛል፤ ምንም አልተሰማኝም። ወተቱን የት እንደማስቀምጥ ብቻ አሰብኩ።

ሰኞ፣ አራተኛ ሳምንት

ዋናው ጥናት ሊጀመር ናሙና ወጣ። ጋሽ አማካይ ናቸው የሚያወጡት። በኮምፒውተር ነው፤ ያም ሆኖ ቁልፉን ከመጫናቸው በፊት እንደ ዳኛ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። በመላ አገሪቱ አሥራ ሁለት ሺህ ቤት። እያንዳንዱ ቤት ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ ቤት ወክሎ ይቆማል፤ አንድ ቤት ሲያስነጥሰው ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባው ያስነጥሰዋል ተብሎ ይመዘገባል። ቁማርን የምናጠናው በዕጣ ነው። ይህ ማንንም አያስቀውም፤ እኔን ብቻ።

ዝርዝሩን ሲያነቡ ቆይተው ቀና አሉ። «የእናንተ ሰፈር ገብቷል» አሉኝ።

«ሰፈራችን ትልቅ ነው።»

«የእናንተ መንገድ ነው። ሰማያዊ በር፣ ከወፍጮ ቤቱ ሦስተኛ።»

ሰማያዊ በር ያለን እኛ ነን።

«በዕድሜዬ ዕጣ ወጥቶልኝ አያውቅም ብለሽ ስታማርሪ አልነበር» አሉና ሳቁ። ሳቅኩ።

ሕጉ ግልጽ ነው። የሠራተኛ ቤት ዕጣ ከደረሰው አይቀየርም። ሠራተኛው ግን ቅጽ አራት የምትባል አንድ ገጽ ሞልቶ ቤቱ የእሱ መሆኑን ያሳውቃል፤ ፋይሉም ለሌላ አራሚ ይተላለፋል። ቅጿን ወሰድኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ናት። ነገ እሰጣለሁ።

ሐሙስ

ነገ።

ዓርብ

የልብስ ስፌት ማሽኔ። ያለሁት ቢሮ፣ የሄደው በምሳ ሰዓት። የእናቴ ነበር። «መርፌው ይዘላል ስትይ ሰምቼ ነው» አለኝ መምህሩ። እውነት ነው፣ ብያለሁ። ከአራት ዓመት በፊት።

አፌን ከፈትኩ። አማቴ አጠገባችን ተቀምጠዋል። ልጄ ታጠናለች። እሱ እጁን ሲታጠብ ጣቶቹን አንድ በአንድ ነው የሚታጠበው፤ የጠመኔ ልማድ ነው። አየሁት። «ፎጣው በር ላይ ነው» አልኩት።

ሆድ ይፍጀው የሚሉት ይህንን ይሆናል። የሚፋጅ ነገር ግን የለም። ቀዝቃዛ ነው።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባላል። እኔ ደግሞ የሰው ለማማሰል ደሞዝ አለኝ።

ቅዳሜ፣ አምስተኛ ሳምንት

መጡ። ቀጭኗ ልጅ ናት። በሩን ስከፍትላት ደነገጠች። «እትዬ፣ እርስዎ ኖት እንዴ?»

«እኔ እዚህ ቤት ውስጥ የለሁም። ሥራሽን ሥሪ።»

ዕድሜያቸው ከአሥራ ስምንት በላይ የሆኑትን መዘገበች፦ አማቴ፣ መምህሩ፣ እኔ። ታብሌቱ ከሦስታችን አንዱን ራሱ ይመርጣል። መምህሩን መረጠ።

አማቴ ተከፉ። «በሽታ ያለብኝ እኔ። እሱን ምን ብላችሁ ነው የምትጠይቁት?»

«ማሽኑ ነው የመረጠው እማማ» አለች ልጅቷ።

«ማሽኑ እኔን የት ያውቀኛል።»

ሕጉ ተጠያቂው ብቻውን ይሁን ይላል። አማቴ ግን ከወንበራቸው አይነሡም፤ ወንበሩ ከእሳቸው በፊት ነው የሚነሣው። እኔ ልብስ ላሰጣ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ልብስ የሚሰጣበት ቀን አይደለም። አሰጣሁ።

የጓሮው ገመድ ከሳሎኑ መስኮት ፊት ለፊት ነው። ጥርስና ድድ ላይ አፉን ሲከፍት አየሁ። ከዚያ ልጅቷ ታብሌቱን ሰጠችውና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ግድግዳው ላይ የሠርጋችን ፎቶ ነው ያለው፤ ምስኪኗ እሱን ስታይ ቆየች።

የእጅ ሰዓቴን አየሁ። ልማድ ነው።

ስምንት ሰከንድ አለፈ። አንድ ሸሚዝ ሰቀልኩ። አንድ ደቂቃ። ሁለት አንሶላ። ያነባል፣ ይነካል፣ ያነባል። አንዴ ጣቱን አንሥቶ አየር ላይ አቆየው። ሦስት ደቂቃ። የአማቴ ድምፅ በመስኮቱ ወጣ፦ «ምንድን ነው ዝም ብለህ የምትነካካው?»

«ስለ ጥርስ ነው እማዬ።»

«ይሄን ሁሉ ጥርስ ከየት አመጣኸው?»

አራት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ።

ረጋ ብሎ የሚያነብ ሰው ነው። የሂሳብ መምህር ነው፤ ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አንብቡ እያለ ሃያ ዓመት አስተምሯል። አንድ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ቢነበብ አራት ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል።

ዝናቡ መጣ። የሰቀልኩትን ሁሉ መልሼ አወረድኩ።

ማክሰኞ፣ ስድስተኛ ሳምንት

ሥራ ብዙ። የሰፈራችን ፋይሎች ገቡ። ሃያ አራት። ሁሉም የእኔ ወረፋ ላይ። ሃያ ሦስቱን አረምኩ።

ቅጿ ቦርሳዬ ውስጥ ናት። ጠርዟ ታጥፏል።

ረቡዕ

አልከፈትኩም። ጋሽ አማካይ፦ «ምነው ዛሬ ዝም አልሽ? በአማካይ በሰዓት አሥራ አንድ ሰው ነበር የምታሚው።»

«ጥርሴን አሞኝ ነው» አልኳቸው።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት።

ሐሙስ፣ ምሳ ሰዓት፣ ሽንት ቤት ተዘግቼ

ከፈትኩት። አምስት ሰዓት ላይ።

መጀመሪያ የቤት ዕቃ ዝርዝሩ ይመጣል። ቴሌቪዥን፦ የለም። ማቀዝቀዣ፦ የለም። የልብስ ስፌት ማሽን፦ የለም። «ለጥገና የወጣ» የሚል አማራጭ አለው መጠይቁ፤ እኔው ራሴ ነኝ ያስገባሁት። አልመረጠውም። ለማያውቃት ልጅ፣ እናቱ እየሰሙ፣ የለም አላት። እናቱም «አዎ የለም፣ ለጊዜው» ብለው ይሆናል።

ማሽኑ ከዚህ ተነሥቶ ቤታችንን ካለበት የኑሮ ደረጃ አንድ ወደ ታች አውርዶታል። ቤታችን መውረዱን ከመሥሪያ ቤቴ ሰማሁ ማለት ነው።

ክፍል አሥራ አንድ። በሩ፦ አዎ።

አንደኛው ሦስት። ሁለተኛው ሁለት። ሦስተኛው ሦስት። አራተኛው፣ ለመወራረድ ሲሉ ዕቃ ሸጠው ያውቃሉ፣ ሁለት። አምስተኛው ሁለት። ስድስተኛው ሁለት። ስምንተኛው፣ ከቤተሰብዎ ደብቀው ያውቃሉ፣ ሦስት። ዘጠነኛው፣ በጸጸት ተሰቃይተው ያውቃሉ፣ ሁለት። ድምር አሥራ ዘጠኝ።

ሰባተኛውን ዘልዬዋለሁ። ቀይ እያበራ ነው። የቅርብ ሰው ስለ ውርርድዎ ተናግሮዎት ወይም ወቅሶዎት ያውቃል? በፍጹም። ዜሮ።

ከሥሩ፦ ከሌሎቹ መልሶች ጋር አይጣጣምም፤ ይረጋገጥ።

ሰው በሩን እያንኳኳ ነው።

ሐሙስ፣ ማታ

ነገ አሥር ሰዓት ላይ ፋይል ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አይነካም።

አንድ ቁልፍ ነው። የበሩን መልስ ከአዎ ወደ አይ ብለውጠው ዘጠኙ ጥያቄ ከነቀዩ መብራት ይጠፋል። መምህሩ ወደ ዓይን ጤና ያልፋል። ከአሥራ ሁለት ሺህ ቤት አንዱ ማን ያየዋል? አራሚ ስህተት ያርማል፤ ይሄ ደግሞ ትልቅ ስህተት ነው፤ በሙያዬ ብቻ ነው የማስበው።

ግን እሱን ካጠፋሁ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባውን ነው የማጠፋው። ጣታቸውን አንድ በአንድ የሚታጠቡ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ ሰዎች። ፎጣው በር ላይ ነው የሚሉ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ ሴቶች።

ደግሞ ውሸቱ የቱ ጋ ነው? ሌሎቹ ስምንት መልሶች ልክ ናቸው። ዜሮውንም ደጋግሜ አየሁት። ቴሌቪዥኑ ሲወጣ ምን አልኩ? ዕቃው ከውጭ ይመጣል አልኩ። ማቀዝቀዣው ሲወጣ ወለሉን ጥረጊ አልኩ። የእናቴ ማሽን ሲወጣ ፎጣውን አሳየሁት። ከመላው መጠይቅ ውስጥ ሳይታረም ሊያልፍ የሚገባው መልስ ይሄ ነው። የቅርብ ሰው የሚለውን ቃል ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ በቃለ ጉባኤ።

እሱ ከጎኔ ተኝቷል። ፊቱ ወደ ግድግዳው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ስለ ትናንት

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቅጿን ሞላኋትና ለጋሽ አማካይ አስቀመጥኩላቸው።

«ጋሼ፣ ይህቺን ፋይል ይረከቡኝ።»

ቅጿን አነበቡ። ቀኑን አዩ። «ሁለት ሳምንት ተኩል ዘግይቷል እህቴ።»

«አውቃለሁ።»

«ከፍተሻታል?»

«ከፍቻታለሁ።»

«ነክተሻል?»

«አልነካሁም።»

መነጽራቸውን አደረጉና ከፈቱት። ዕቃ ዝርዝሩን አለፉ፣ ጥርሱን አለፉ። ክፍል አሥራ አንድ ላይ ቆሙ። ሲያነቡ አንገታቸው ላይ ያለችው የደም ሥር ትርገበገባለች። ሌላ ነገር ላለማየት እሷን አየሁ።

«ሰባተኛው ላይ ቀይ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ማረጋገጥ አለብኝ። ሰው ልላክ?»

«አይላኩ። ልክ ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።»

ዜሮው ጎን «ተረጋግጧል» ብለው ፈረሙ። ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ነበር። በአንድ ቤት ምስጢር ላይ ማኅተም ሲያሳርፉ እንዳይታዩ ይመስል እጃቸውን ጋርደው ነው የፈረሙት።

«የዘገየሽበትን ለኃላፊው መጻፍ አለብኝ። ሰኞ ይጠሩሻል።»

«ይጥሩኝ።»

«በይ ሂጂ ቤትሽ» አሉኝ። በአማካይ አላሉም።

ቤት ስደርስ የፈተና ወረቀት እያረመ ነበር፣ በቀይ እስክሪብቶ። ልጄ ጓደኛዋ ዘንድ ናት። አማቴ ክፍላቸው። በመንገድ ላይ ዘጠኝ ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ስቀመጥ አንድ ብቻ ቀረልኝ።

«ዕቃዎቹ ማን ዘንድ ናቸው?»

«የትኞቹ?»

«ሦስቱም።»

«ጠጋኙ፣ ያ ሰውዬ…»

«ጠጋኝ የለም።»

እስክሪብቶውን ከደነው። ክዳኑ ሲገባ የሰማሁት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ ነው።

«መልስህን አይቼዋለሁ» አልኩት። «የተከለከለ ነው። ሰኞ ይጠሩኛል። ሳላየውም አውቅ ነበር፤ አራት ደቂቃ ነው የፈጀብህ።»

ስለ የትኛው አራት ደቂቃ እንደማወራ አልጠየቀኝም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» አለ።

«ቴሌቪዥኑ ከወጣ ቀን ጀምሮ።»

«እና አንድ ቀን እንኳ…» ብሎ ተወው። ወቀሳ አልነበረም። ባዶ ወረቀት የሰጠውን ተማሪ የሚያይበት አተያይ ነው፤ የማያውቅ ተማሪ አይደለም፣ የሚያውቅ ተማሪ፣ ግን ያልጻፈ። መጠይቃችን ላይ ለእንዲህ ያለው ሁለት ቁጥር አለን፤ ዘጠና ስምንት መልስ አልሰጥም፣ ዘጠና ዘጠኝ አላውቅም። የትኛው እንደሆንኩ ፈለግሁ፤ አጣሁት።

«አሁን እየተናገርኩ ነው» አልኩት። «የእናቴን ማሽን ሸጠህብኛል። ተናገርኩ። ቢጠይቁህ ከእንግዲህ ያ መልስህ ልክ አይደለም።»

አንገቱን አቀረቀረ። እጁ ላይ የጠመኔ አቧራ አለ፤ አልታጠበም ነበር።

የአማቴ በር ተከፈተ። «ምንድን ነው የምታንሾካሹኩት እናንተ?»

«ምንም እማዬ» አለ፣ ሳያስብ፣ አንደበቱ ስለለመደው። «ስለ ጥርስ ነው።»

«ጥርስ አይደለም እማማ» አልኩ። «ይምጡ፣ ይቀመጡ።»

መጡ። ቀስ ብለው ሄደው ወንበራቸው ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ከነበረበት ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሦስታችንም ወደዚያው አየን።